ክር ጣት ላይ አይጠመጠምም

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ሦስት የተማሪ ቀሚስ ጨረስኩ። የአንዷ እናት "ትንሽ ለቀቅ አድርጊልኝ፣ ልጄ እያደገች ነው" ብላ ነበር። ለቀቅ አደረግኩት... ሁለት ልጅ የሚያስገባ ሆኖ አረፈው። ይሁን፣ ትደግ።

ሰውዬዬ ከምሳ በፊት ከሐይቅ ገባ። ሦስት አምባዛ። የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ስለደረሰ ሌላ ወሬ የለውም። ታናሽ ወንድሜም አብሮት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጀልባ ሲወዳደሩ ኖረዋል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ እየሳቀ፣

"እታለም፣ ዛሬ ሚዛን ተበላሸ!" አለኝ።

ሚዛን የሚሉት ሰውዬዬን ነው። ዓሣው ገና ውሃ ውስጥ እያለ፣ ክሩን በጣቱ ይዞ ብቻ ኪሎውን ይናገራላ! ስቶ አያውቅም። ዛሬ ግን "ሦስት ኪሎ" ብሎ አንድ የማይሞላ ወጣ አሉ። እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እጁን ደጋግሞ ያሻል... በርዶት ይሆን?

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ወንድሜ ያንን መሣሪያ ገዛ። ከጀልባ ሥር ይገጠማል፤ ዓሣው የት እንዳለ፣ ስንት ሜትር እንደጠለቀ በመስታወቱ ላይ ያሳያል። ሰውዬዬ "ቴሌቪዥን" አለው።

"ታዲያ ጠብሶም ያቀርባል?"

"ጋሼ፣ ሁሉም ጀልባ ላይ እኮ አለ። አምና ስንተኛ ወጣን? ሰባተኛ!"

"ጣት ያለው ሰው ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል?"

"እንግዲያው ጣትህን ይዘህ ውጣ። እኔ ከጀልባ መካኒኩ ጋር እወዳደራለሁ።"

ሄደ። ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ። እኔ መሐል ላይ መርፌ በአፌ ይዤ... ምን ልበል? አንዱ ባሌ፣ አንዱ ወንድሜ። መርፌ በአፍ መያዝ አንዳንዴ ይጠቅማል።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ልቤ እስካሁን አልተመለሰም። ሰውዬዬ የቆረጥኩትን ጨርቅ ሊያቀብለኝ ጠረጴዛው ላይ እጁን አሳረፈ። የሆነ ነገር ሸተተኝ። ዞር ስል ትንሿ ጣቱ የጋለው ካውያ ላይ ተለጥፋለች። እሱ ስለ ነፋስ እያወራልኝ ነው!

"ኧረ እጅህ!"

አየው። የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ነው የሚመስለው።

"አልተሰማኝም" አለ።

እንዴት አይሰማም?

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

እሱ ሲታጠብ ቀኝ እጁን አየሁት። ሌባ ጣቱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰምበር፣ ዙሪያውን፣ ቀለበት ይመስል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ዓሣ አጥማጅ መሆን አያስፈልግም። ስንት ዓመት ለስንቱ ጀማሪ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፦ ክር ጣት ላይ አይጠመጠምም! ትልቅ ዓሣ ድንገት ከሄደ ጣት ይዞ ነው የሚሄደው። የጀልባ መውጫው ላይ ትል የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ጣት የጎደለው በምን ሆነና።

"ትጠመጥማለህ?" አልኩት።

እጁን ፎጣው ውስጥ ከተተ።

"ትጠመጥማለህ ወይ?"

"ካልጠመጠምኩት አይሰማኝማ" አለ። ቀስ ብሎ። "ስድስት ወር ሆነው። መጀመሪያ ጫፉ ነበር..."

"ሐኪም ቤት!"

"ከውድድሩ በኋላ። ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ሚዛን ጣቱ ደነዘዘ ካሉ እኔ ምን ቀረኝ?"

አልናገርም አልኩት። ለምን እንዲያ አልኩ? ብናገር ያዝናል። ባልናገር... ባልናገር ጣቱ ብቻ ቢሄድ እሰየው። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ ክሩ ተጠምጥሞበት...

አልጽፈውም።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ብቻውን ወጣ። ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ሳላስበው ጣቶቹን ቆጠርኩ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ደንቡ በጀልባ ሁለት ሰው ነው። ውድድሩ ሳምንት ቀርቶት እሱ ገና ሰው የለውም።

"ሰው ጠፍቶ ነው?"

"አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እጄን ያያላ።"

"እኔ ልሁን።"

ከት ብሎ ሳቀ። "አንቺ? በባልዲ ውሃ የምትደነግጪው?"

እውነቱን ነው። ውሃ ሲንቀሳቀስ ካየሁ እሸሻለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ግን ከዚያ የባሰ ፍርሃት መጣብኝ፣ ምን ላድርግ?

ተነስቶ የክሩን ጫፍ ግቢው በር ላይ አሰረ። ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረኝ።

"አሁን?"

"ነካ አደረግከው።"

"አሁን?"

"እሱ ነፋስ ነው።"

"አሁንስ?"

"ጎተት አድርገህ ለቀቅክ... በጥፍርህ ነው መሰለኝ።"

ክሩን ከበሩ ፈትቶ መጣ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ክር ይዤ ኖሬ! ማሽኑ ሊበጥሰው ሲል እኮ ከማሽኑ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።"

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። ለልጄ "ማሽኑ የአንቺ ነው፣ ዘይት አትርሺ" አልኳት። "እማዬ፣ አበድሽ እንዴ?" አለችኝ። ሳልሆን አልቀርም።

መጋቢት 29፣ እሑድ

ደክሞኛል። ግን ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። ያጠመዱት ዓሣ በሕይወት ይመዘንና ተመልሶ ይለቀቃል፤ በድምር ኪሎ የበለጠ ያሸንፋል። ጀልባው ውስጥ እንደገባሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንድሜ ከነመካኒኩ አጠገባችን አለፈ።

"እታለም! ስፌት ቀርቶ አንቺም ዓሣ?"

"አንተ ቴሌቪዥንህን እይ!" አልኩት። ዓይኔን አልገለጥኩም።

ሰውዬዬ ውሃውን አይቶ፣ የወፎቹን አበራር አይቶ "እዚህ" አለ። ክሩን ወረወርኩ። ምንም። የእነሱን ጀልባ አየሁ፤ መስታወቱ ወደሚላቸው ይሄዳሉ፣ ያወጣሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። አምስት ሰዓት ሲሆን እነሱ ስድስት፣ እኛ አንድ ትንሽ። እሱ አንዴ እንኳ አልተቆጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እያየኝ፣ "ምን ይልሻል?" ይለኛል። "ገና ነው" እለዋለሁ።

ከዚያ ነካው። እንዴት ልበለው... በቀጭን መርፌ ሐር ሲወጋ እንደሚሰማው።

"መጣ" አልኩ።

"ተዪው፣ ተዪው፣ ይጉረስ" አለኝ። አሁን! ሳብኩት። ጀልባው ዘመም አለ። ደነገጥኩ። ስደነግጥ እጄ የለመደውን አደረገ፦ ክር ልበጥስ ስል ሁልጊዜ እንደማደርገው ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት። ሁለት ዙር!

ዓሣው ሄደ። ጣቴ የሚቆረጥ መሰለኝ። ጮኼ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰውዬዬ ከፊቴ ዘሎ ክሩን በሁለት መዳፉ ጨበጠና ወደራሱ ሳበው፤ ወደ እኔ ላላልኝ።

"ፍቺው! ፍቺው የኔ እመቤት! ረጋ ብለሽ!"

ፈታሁት። እንደገና በጣቴ ጫፍ ያዝኩት። ደም አየሁ። የእኔ አይደለም። የእሱ መዳፍ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ እሱ ግን ውሃውን እያየ፣

"ስንት ነው?" ይለኛል።

"እጅህ..."

"እጄን ተዪው። ስንት ነው?"

እኔ ኪሎ ምን አውቄ? "ሱቅ ካለው ሰማያዊ የጨርቅ ጣቃ ትንሽ ይቀላል" አልኩ።

"ጣቃው ስንት ነው?"

"ስምንት።"

"ሰባት ተኩል በይ።"

ሳይመዘን ለዳኛው "ሰባት ተኩል" አልን፤ ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ ወጣ። የዕለቱ ትልቁ። በድምር ግን ወንድሜና መካኒኩ አሸነፉ፤ እኛ አምስተኛ። ዳኛው ዓሣውን ከመዘነ በኋላ "ሚዛን፣ ጣትህ ዛሬም አልሳተም!" አለ። ሰው አጨበጨበ። እሺ ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እጁን በጨርቄ ጠቅልዬለት ኪሱ ከትቶታል፣ ማን ያያል?

አወጣው። ጨርቁን ፈታው።

"እኔ አይደለሁም" አለ። "የእኔ ጣት ከሞተ ስድስት ወሩ። ክሩን የያዘችው እሷ ናት።"

ወንድሜ ዋንጫውን መሬት አስቀምጦ መጣ። መዳፉን ያዘው፣ አየው።

"ጋሼ... እኔ ቴሌቪዥን ይዤ የሄድኩት ጣትህ አለ፣ ያለ እኔም ይበቃሃል ብዬ እኮ ነው።"

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ስኳር ነው አለች ሐኪሟ። የሞተው ሁሉም ላይመለስ ይችላል፣ ያለውን እንጠብቅ አለች። ቁስሉ ቀስ እያለ ይድናል። ማታ ማታ እጁንም እግሩንም እያገላበጥኩ አያለሁ። "ደግሞ ልትቆጥሪ ነው?" ይለኛል። እቆጥራለሁ።

ወንድሜ ቴሌቪዥኑን አምጥቶ የእኛ ጀልባ ላይ ገጠመው። ያንን ሁሉ የተሳደበ ሰው አሁን ዓይኑን አይነቅልም።

"አለ፣ አለ! ከሥርሽ ነው!"

"ይኑር። ሊበላ አልፈለገም።"

"በምን አወቅሽ?"

"አንተ መስታወትህን እይ።"

ወንድሜ ከኋላ ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል። ለመጪው ዓመት ደንቡ ሦስት ሰው ይፈቅድ እንደሆነ ዳኛውን እየነዘነዘው ነው።

ነገ ጠዋት እንወጣለን። ጀልባው ሲወዛወዝ አሁንም ጠርዙን በአንድ እጄ አንቄ ነው የምቀመጠው። ዛሬ ለእሱ ወፍራም ጓንት ሰፋሁለት፣ ድርብ፣ መዳፉ ላይ ቆዳ ያለው። ለወንድሜም።

ለራሴ አልሰፋሁም። የእኔ ጣቶች ባዶ መሆን አለባቸው።