የእንግዳዬን መዝገብ ስለዘጉልን

ለክቡር የወንጀል ምርመራ መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ የምኖር የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር «የሟቿ ማንነት ባለመታወቁ መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለው ማስታወቂያዎ ስለደረሰን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፤ ሰው ከመገደሉ በፊት መታወቂያውን መያዝ እንዳለበት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ያቺ ልጅ ግን የወተት ጥርሷን እንኳ ነቅላ አልጨረሰችም ነበር። የፋብሪካው ውሃ ማጠራቀሚያ ሲጠረግ፣ አንገቷ ላይ ገመድ እንደታሰረ ስትገኝ እኔም የእሷ እኩያ ነበርኩ። የእኔ ናት የሚል ሲጠፋ እናቴ አጥባ፣ የእኔን አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ «እንግዳዬ» ብላ ስም አውጥታ ቀበረቻት። ዛሬም አልጋ ላይ ሆና «የእንግዳዬ ሰዎች አልመጡም?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ሁለተኛ፤ የፋብሪካው ባለቤት ወንድም ልጅቷን ከመኪናው አውርዶ፣ እጇን ይዞ ወደ ማጠራቀሚያው ሲወስዳት ማየቱን የፋብሪካው ዘበኛ በተናገረ ጊዜ፣ ያኔ ወጣት መርማሪ የነበሩት እርስዎ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች የሉህም? አርፈህ ልጆችህን አሳድግ» ብለው ስለመከሩት ምስጋናችን የላቀ ነው። ምክርዎን ሰምቶ አሳደጋቸው። ሁሉም ራሳቸውን ስለቻሉ፣ ባለፈው ሳምንት ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጥቷል፤ መዝገቡም እንደገና እንዲከፈት ታዟል።

ምስጋናዬን መቁጠሩን እዚህ ላይ ልተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ ታርጋ የሌለው መኪና ደጃችን ቆሞ ይውላል። ገበያ ስወጣ ይከተለኛል፤ እናቴ ስታስል መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። ለጥበቃችን አስበው ልከውት ከሆነ እግዜር ይስጥልን፤ ታርጋው የት እንደወደቀ ግን ቢያፈላልጉለት ደግ ነው። አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፈው በሩን በቁም ሣጥን ደግፌ ነው። ቢሆንም ዘበኛው የት እንዳለ አልነግርዎትም።

በዝምታዎ ጥላ ሥር ያደግሁ፣ ጆሮዎ እስኪከፈት ከደጅዎ የማልጠፋ፣ አክባሪዎ
የእንግዳዬ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተጠርጣሪውን ማግኘት ካስቸገረዎ ልርዳዎ። አዲሱ ሕንፃዎ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። መቀሱን ያቀበሏቸውም እርስዎ።