ደብቄ ያቆየሁት ምርቃት

የካቲት 4
ፀሐይ ሞቅሁ። ጉልበቴ ዛሬ ዝም ብሏል... አኩርፎ ይሆናል።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። ምኑን ሊያስተካክል? ከጆሮዬ በላይ የቀረ ነገር የለም። ወሬ ፍለጋ ነው የሄድኩት።

«ጋሼ፣ ዝናቡ እኛኑ በድሎን ሳለ፣ እህል ወደ ባሕር ማዶ እንላክ ብለው ምክር ቤት ሊከራከሩ ነው አሉ።»

«አንተ ብቻ መቀሱን ከጆሮዬ አርቅ» አልኩት።

ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ቀድማኝ ደርሳለች። እሳቷ ነው የምላት። የምትሠራው ለተራቡ አገሮች እህል በሚልከው መሥሪያ ቤት ነው። «አባባ፣ ምክር ቤቱ እሺ ካለ ከመርከቡ ጋር የምሄደው እኔ ነኝ። ዓመት እቆያለሁ» አለችኝ።

«የምትሄጂው ሰው ሆነሽ ነው ወይስ ጆንያ?» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ... ከአንገት በላይ።

የካቲት 9
«ሳትመርቀኝ እግሬን አላነሳም» ብላ ማለች። ምን ያለች ሞኝ ናት! በትሩን ለእኔው አቀበለችኝ። ካልመረቅኋት ትቀራለች ማለት አይደል?

ትናንት አጠገቤ ቁጭ ስትል አንኮራፋሁ። ዛሬ ደግሞ ጆሮዬ እምቢ አለ። እናቷ ግን የገዛ ልጄ ናት፣ ታውቀኛለች። «አባዬ፣ እያንኮራፋ እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

የካቲት 15
ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ። አንዱ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ። ተጨበጨበለት። አንዲት ሴት ተነሥታ «እኛ በራበን ጊዜ የላኩልን ሁሉ ተርፏቸው ነበር እንዴ?» አለች። ለእሷ ያጨበጨበ የለም።

ያን የራበን ዓመት... ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ክሬኑ ተሰብሮ፣ ከመርከቡ እስከ መጋዘኑ ተሰልፈን ጆንያውን በቅብብል ነው ያወረድነው። ነጎድጓድ የምንለው አለቃችን ይጮኻል፦ «ጆንያውን አትዩ! የሚቀበላችሁን ሰው እዩ!» እውነቱን ነው። ጆንያውን ያየ የጓደኛውን እግር ይሰብራል። መርከበኞቹም ወርደው መሀላችን ገቡ። እኔ አጠገብ የቆመው ባለ ጢም ነበር። ቋንቋ የለንም፤ ቀኑን ሙሉ በቅንድብ ስናወራ ዋልን። ስንለያይ ጢሙን ጎተትኩት። ኮፍያዬን ነጥቆኝ ሄደ። ሌባ! የት ይሆን አሁን?

ባዶውን ጆንያ ደግሞ ማን ይጥላል? እናቴ ሱሪ ሰፋችልኝ። እዚያው መቀመጫዬ ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነገር አለበት። ቦኖ ውኃ ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ አንዲት ልጅ ሳቋ አላስቆም አላት። የተማረች ናት።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«አይሸጥም ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስቃል?»

«በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ነዋ!»

ወሰደችኝ። አርባ ዓመት ከምናምን አብረን ኖርን። አፈሩ ይቅለላት።

የካቲት 18
ፀጉር አስተካካዩ «እምቢ ማለታቸው አይቀርም» አለኝ። ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ደግሞ አፈርኩ። ያ እህል ያቆመው ሰውነት አይደለም እንዴ ይሄ?

ይሂድ እህሉ፣ ማን ከለከለ! ሌላ ሰው ይዞት ይሂድ። የእኔዋ ለምን? ...የባለ ጢሙም አያት እንዲህ ብሎ ነበር ይሆን?

የካቲት 21
እሺ አሉ። ለጥቂት ነው ያለፈው። ከጎረቤት አገሮች ጋር የተፈራረሙት ውል አለ፤ እህሉ ከእኛ፣ መርከቡ ከአንዱ፣ የጭነት መኪናው ከሌላው። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይቀራል። ፀጉር አስተካካዩ «ቃል የገባ ምን ያደርጋል» እያለ ተነጫነጨ።

እራቴን ተውኩት። «ምን ነካህ?» አለችኝ እናቷ። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኩ። ጥርስ የለኝም።

የካቲት 24
አሸነፍኩ።

ጠዋት መጥታ «አባባ፣ ቀርቻለሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ተጠባባቂው ይሄዳል» አለች። ቁጣ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ሻንጣዋን ፈትታ ልብሷን መልሳ ስትሰቅል በበሩ ስንጥቅ አየኋት። አንዱን ሹራብ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

ያሸነፈ ሰው ምን ያደርጋል? ይጨፍራል። እኔ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

የካቲት 26
ሥራዋን ለተጠባባቂው ልታስረክብ ወደብ ስትሄድ፣ እኔም ልይ ብዬ ተከተልኳት። ዛሬ ቅብብል የለም፤ ማሽኑ ብቻውን ይጭናል። መቼስ አዋቂ ልምሰል ብዬ፣ «የምትጭኑት ባቄላ እኮ ለመብሰል ቀን ይፈጃል። ማገዶ የሌለው ሰው ምን ይሁን?» አልኳት።

«አባባ፣ ተፈጭቶ ነው የሚሄደው። እሱን አስበንበታል።»

ጎሽ!

ተጠባባቂው ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። የቱ ሰፈር መንገዱ በዝናብ እንደሚቆረጥ፣ የትኛዋን ሽማግሌ አስቀድሞ ማነጋገር እንዳለበት ታስረዳዋለች። ያላየቻቸውን ሰዎች እንደ አክስቶቿ ነው የምታወራቸው። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ስትናገር እጇ፣ ዓይኗ፣ ሁለ ነገሯ ይሄዳል... ተረከዟ ብቻ ነው እዚህ የቀረው። እሱንም የያዝኩት እኔ።

«ነይ እስቲ፣ ጎንበስ በይ» አልኳት። የጫማዬ ማሰሪያ የተፈታ መስሏት ተንበርክካ ማሰር ጀመረች። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ።

«ያሰብሽው ይሙላ። የሄድሽበት ይቅናሽ። የዘረጋሽው እጅ አይታጠፍ። እህልሽ በረከት ይኑረው፤ የቀመሰው ሁሉ ይጥገብ። በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሺ። ባል ካገኘሽ ሳላየው እሺ እንዳትዪ።»

«አሜን» አለ ተጠባባቂው፣ ከሁላችን ጮክ ብሎ። ለካ ሚስቱ እርጉዝ ናት።

እሷ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ተነሺ፣ ሳይደርስ ልታቦኪው ነው!» አልኳት። የእኔም ዓይን... ዱቄት ገብቶበት ነው።

መጋቢት 29
ከሄደች ወዲህ ዛሬ ገና ደወለች። ድምጿ ይመጣል፣ ይጠፋል።

«አባባ፣ በላህ?»

«እኔን ተይኝ። እነሱስ በሉ?»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«የወንዙ ማዶ ሰዎች በልተዋል። የወዲህ ማዶዎቹ ገና በሰልፍ ላይ ናቸው» አለች።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ያስለፈልፍሻል? ዝጊና ሥራሽን ሥሪ!»

ዘጋችው። ባለጌ... እውነትም ዘጋችው።