አባባ ተኝተው ያስነሱት ሞተር

ይድረስ ለእህቴ ለቢድያ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ማሄንድራ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመዱት? እኛ ለአፍ ያህል ደህና ነን። ጎርፉ ከሸሸ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ግማሹ ሸንኮራ እንደተኛ ቀርቷል። እማማ እህል መቅመስ ጀምረዋል፣ ከበረንዳው ግን አይነሱም።

በስልክ፣ አባባ ተኝተው ሳሉ አረፉ ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ለቅሶሽን እየሰማሁ እውነቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሁን ልጻፍልሽ።

ያን ሐሙስ ጠዋት አባባ በትኩሳት ይነዱ ነበር። ስኳራቸውን ታውቂዋለሽ፤ የእግራቸው ቁስል ጥቁረቱ ጉልበታቸው ደርሷል። ወንዙ መንገዱን ስለዋጠው ከላምባሳ ከተማ ታክሲ አይመጣም። ያን ውሃ የሚሻገረው ከፍ ያለው የሸንኮራ ጭነት መኪናችን ብቻ ነበር። ከጎረቤታችን ከአፒሳይ ጋር ተሸክመን ጋቢና ውስጥ አስተኛናቸው። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሪኖው ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ።

ደጋግሜ ሞከርኩ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ተው፣ ባትሪውን ልትገድለው ነው። ጭስ አለው?» አሉኝ። አፒሳይ ከኋላ ሆኖ፣ «ምንም የለው ጋሼ» አለ። «እንግዲያው ናፍጣ አልደረሰውም። እሱን ፈልጉ» አሉ።

ታንከሩን በእንጨት ለካነው፤ ከግማሽ በላይ አለ። ፊልትሮውን ፈታን፤ የተጠራቀመችውን ውሃ ደፋናት። አየር ይዞ ይሆናል ብለን የፊልትሮውን ቡሎን አላልተን አረፋው እስኪያልቅ ናፍጣውን በእጅ ገፋን። ይህን ሁሉ ስናደርግ ዝናቡ ይወርድብናል። ቁልፉን አዞርኩ፤ ያው ነው። አፒሳይ፣ «ይሄ መኪና እንደ አማቴ ነው፣ ሲለምኑት ይብስበታል» ሲል አባባ ፈገግ አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ቀጥለው፣ ከፖምፓው ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ቱቦዎች አንዱን አላልተን እንድንሞክር አዘዙን። ጠብታ አልወጣም። ናፍጣው ፖምፓው ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ አያልፍም። ይህን ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን የሳቱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ በቀስታ፣ «ማጥፊያውን እየው። ከታች፣ ፖምፓው ላይ» አሉኝ።

ሞተሩን ስናጠፋ የምንስበው ካቦ አለ አይደል፤ እላይ እጀታውን መልሼዋለሁ፣ እታች ያለችው ምላስ ግን በዝገት ተይዛ ናፍጣውን እንደዘጋች ቀርታለች። በአውራ ጣቴ ስገፋት ተመለሰች። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የለፋነው ለዚያች ነው።

እትዬ፣ በዲዋሊ በዓል ሰሞን አባባ «ያን ካቦ ዘይት አጠጣው» ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ረሳሁት።

ውሃውን ስንሻገር ጭንቅላታቸው አፒሳይ ጭን ላይ ነበር። ስለ ካቦው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ለቢድያ ንገራት፣ ተኝቼ መኪና አስነሳሁ በላት» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገሩት አልገባኝም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቷል አለን። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ...» ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። አሥር ሰዓት ላይ አረፉ። ሁለቱ ሰዓት ያተርፋቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ሐኪሙ ሳይጨርስ የተወውን ነገር ግን ሸንኮራው ውስጥ ስውል እኔ እጨርሰዋለሁ።

እማማ ስለ ካቦው አያውቁም። መኪናው ከዚያ ወዲህ አስቸግሮ አያውቅም። ብትቆጪኝ፣ ጭራሽ ባትጽፊልኝም አልፈርድብሽም። ብቻ የእኔን ጥፋት ለመሸፈን ብዬ የሳቸውን መልእክት ልቀብረው አልቻልኩም።

ለማሄንድራ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትንሿን ሮሺካን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለአያቷ የላከችላቸውን ሥዕል ከትራሳቸው ሥር አግኝተነዋል። እማማ ስምሽን እየጠሩ ይስሙሻል። አፒሳይም ሰላም ብሎሻል። ጻፍክላት ወይ ብሎ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ ዛሬ አዎ እለዋለሁ።

ወንድምሽ ሱክደዮ
ቡሊሌካ፣ ላምባሳ
መጋቢት 4 ቀን