በሰማያዊ ካርድ የመጡ ጉልበቶች

ሦስተኛው ወር፣ 12

ዛሬም የታመመ ጉልበት ሳክም ዋልኩ። የሻይ ለቃሚ ጉልበት፣ የዓሣ ሻጭ ጉልበት... የአሪቲው ጢስ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የምናገረውን ስልኩ ይጽፋል፤ የልጅ ልጄ ናት ያስተካከለችልኝ። ምን ብሎ እንደሚጽፍ አላውቅም፣ ማንበብ አልችልም። ይሻላል። እኔ የማላነበውን ማን ያነብብኛል?

ዶክተር ሉዎ ከዉሃን ይዛ የመጣችው ጥናት ይሄ ነው፦ የአሪቲ እሳት የሚያሽለው አባቶቻችን ያስተማሩንን የሰውነት ነጥብ ስለሚያገኝ ነው ወይስ ስለሚያሞቅ ብቻ? ቀይ ካርድ ይዞ ለመጣ፣ የደረቀ አሪቲ ጥቅልል ለኩሼ፣ ቆዳውን ሳላስነካ እውነተኛው ነጥብ ላይ እይዝለታለሁ። ሰማያዊ ለያዘ ወደ ጎን፣ ነጥብ በሌለበት ሥጋ ላይ። በሽተኛው የቀለሙን ትርጉም አያውቅም። በጎን ክፍል መርፌ ወጊው ፓን በመርፌ እንዲሁ ያደርጋል፤ ለግማሹ እውነተኛ፣ ለግማሹ ቆዳ የማይበሳ የውሸት መርፌ።

"እንደ እርስዎ ያለ እጅ በመላው ቺቹን የለም፣ አባባ" አለችኝ ዶክተሯ። ልክ ናት።

ሦስተኛው ወር፣ 19

የዬ ኑድል ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ዬ ሰማያዊ ካርድ ከያዙት አንዷ ናት። ሳህኑን አስቀመጠችና ሰው ሁሉ እየሰማ...

"አያ ቹ፣ እጅህ ቀዘቀዘ እንዴ? ጉልበቴ ያው ነው። እህቴ እኮ ፓን ጋ ገብታ ደረጃ እየሮጠች ትወጣለች።"

"ታገሺ።"

"እስከ መቃብር?"

ሳቁ። አፋቸው ኑድል እንደሞላ ሳቁብኝ። ምን ልበላት? የተሰጠሽ የውሸቱ ነው ልበላት? አይፈቀድም። ሳልበላ ወጣሁ።

ሦስተኛው ወር፣ 21

ዬ መጥታ ጋደም አለች። ከጉልበቷ ቁልቁል በራሷ ጣት አራት ጣት ለካሁ፤ እኛ ዘንድ የሚለካው በበሽተኛው ጣት ነው። ጎድጎድ ያለችው ቦታ እዚያ አለች። ካርዷ ሰማያዊ ነውና ከዚያ እጄን ወደ ጎን ማውጣት ነበረብኝ። ዶክተሯ ከመጋረጃው ማዶ ናት። እጄ ነጥቡ ላይ ቀረ።

እጄ ቀረ እላለሁ... ውሸት። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

ቆዳዋ ቀላ። "እሰይ! ዛሬስ ዘለቀኝ!" አለች። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

አራተኛው ወር፣ 8

ሰማያዊ የያዘ አንድ አናጢ አጉረመረመ። እሱንም ነጥቡ ላይ አሞቅሁት። ሌሎችንም።

ምሳ ላይ ፓን፣ "የውሸቱን ስትይዝ እጅህን አያሳክክህም? እኔን ይገድለኛል" አለ።

"ታዲያ ለምን ታደርገዋለህ?"

"አድርግ ተባልኩ፣ እሺ አልኩ።"

"አህያም እሺ ብሎ ነው የሚጫነው" አልኩት። ሳቀ፤ ሩዙን በላ።

አምስተኛው ወር፣ 5

በዓል። ክፉ እንዳይገባ በየበሩ አሪቲ ተሰቅሏል። ዬ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ መጣች። "እጅህን ያማሁበት ምላሴ ይቆረጥ" አለች። "ሩዙን አስቀምጪና ቁረጪው" አልኳት። ሰፈሩ ሰማ። ተኮፍሼ በላሁ።

ሰባተኛው ወር፣ 3

ውጤቱ ወጣ። በመርፌው ክፍል እውነተኛው ከውሸቱ በልጧል። የኔ ክፍል... ቀዩም ሰማያዊውም እኩል።

"እኩል ማለት?" አልኳት።

"ነጥቡ ለውጥ አላመጣም ማለት ነው፣ አባባ። የትም ቢያሞቁ ያው ነው ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ልጽፈው ነው።"

ፓን ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ደግሞ ሻይ ቀዳችልኝ። "አይክፋዎት፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" ብላ ታጽናናኛለች። እኔን! ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩት።

ሰባተኛው ወር፣ 4

ዝም ብል፣ የአባቴ ሙያ ተራ ሙቀት ነው ተብሎ ይጻፋል። ብናገር... ቹ አጭበረበረ። አህያው ማን ሆነ?

ሰባተኛው ወር፣ 6

ነገርኳት። ለዶክተሯ ቆሜ ነገርኳት፤ ይቀመጡ ብትለኝም እንቢ አልኩ።

"ስንቱን ሰው?"

"አልያዝኩትም። መጀመሪያ ዬን። ከዚያ ያጉረመረመውን ሁሉ።"

"ለምን?"

"ስቀውብኝ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። እኔም ሞኙ ነገሩን ያጸዳሁ መስሎኝ፣ "ይኸው እኩል የሆነበት ምክንያት ተገኘ፤ ነጥቡ ይሠራል ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

"አልችልም፣ አባባ። ማን ምን እንደተደረገለት አላውቅም። ይሠራል ማለት አልችልም፤ አይሠራም ማለትም አልችልም። ጥያቄዬን ነው የወሰዱብኝ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የኔ ክፍል ሥራ ሁሉ ይጣላል። የፓን ይቀራል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ስምንተኛው ወር፣ 2

ዬ ከዶክተሯ ሰምታ መጣች።

"የውሸቱ ደርሶኝ ነበር ለካ!"

"ደርሶሽ ነበር።"

"ታዲያ የተሻለኝ ነጥቡን ስለያዝክልኝ ነው? ወይስ ስላወራሁብህ አፍሬ ነው የተሻለኝ ያልኩህ?"

"እኔ ምን አውቄ? አንቺ አታውቂም?"

ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። "እኔም እንጃ" አለች። ስቃ ሄደች። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ነገር አንዲት ቀን ያለ መጋረጃ ማየት ይቻል ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ወር፣ 20

አዲስ ዓመት አለፈ። ዶክተር ሉዎ እንደገና ልትጀምር ነው፤ የአሪቲውን ጥቅልል የሚይዙት ግን አዳዲስ ሰዎች ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት መጥቼ እንድነግራቸው ለመነችኝ። ፓንም ተቀምጧል። ሄድኩ። ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ዬን፣ ሳቁን፣ ሻዩን ሳይቀር። አንገቴ ላብ በላብ ሆነ፤ ግን አልቀነስኩም።

አንዷ እጇን አወጣች። "አባባ፣ አሁን ቢሆን ሰማያዊ ካርድ ሲመጣ እጅዎን ወደ ጎን ያወጡታል?"

ሉዎ አወጣዋለሁ እንድል እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ፓንም ይህንኑ ይፈልጋል።

"አላወጣውም" አልኩ። "ለዚህ ነው ከእናንተ ጋር ማከሚያ ክፍሉ የማልገባው።"

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።