ቅቤ የተቀባው ዛጎል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለእዝራ፣

ሰላምታዬ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ይውጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ? ባለቤትህ እንቁስ ከወለደች ወዲህ በረታችልህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዶዘሮቹ ከጓሮህ አለት ሥር ደረሱ ካልከኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። በስልክ ብነግርህ አቋርጠህ ትከራከረኛለህ፤ ወረቀት አይቋረጥም ብዬ ነገ ወደዚያ በሚመጣው ሚኒባስ ልልከው ነው።

መንገዱ አለቱን እንዳይነካው ይመስክሩልኝ ብለህ የላክህልኝ አሥራ ሰባት ስብርባሪዎች ጎሮ ያለው ቤተ ሙከራችን ደርሰዋል። አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። አሥራ አንዱ ዛጎል አይደሉም፤ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ትቶት የሄደ የሚያብረቀርቅ ማዕድን ነው። አምስቱ በእርግጥ ዛጎል ናቸው፤ ከጥፍር ስለሚያንሱ ግን የየትኛው እንስሳ እንደሆኑ ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። የመጨረሻው ልቤን አቆመው፤ ሁለቱ ክዳኖች የሚጋጠሙበት ጥርስ ሳይቀር አለው።

እዝራዬ፣ እሱን ምን አደረግኸው? በሞረድ ሞርደህ፣ ቅቤ ቀብተህ፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለህ ላክኸው! አውቃለሁ፣ ከእኛ ቤት ለሰው የሚላክ ነገር አቧራ ይዞ አይወጣም። ባልደረባዬ ኢክሪማ አሽትታ «ይሄ ቅሪተ አካል ነው ወይስ ክትፎ?» አለች። ሳቅሁ፤ ቶሎም ተውሁት። የሞረድኸው ላዩ ላይ የነበሩትን መስመሮች ነው፤ ዓይነቱ የሚለየው በእነሱ ነበር። ከአለቱም ነቅለኸዋል፤ ከየት እንደተነሳ የሚመሰክርለት የለም።

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የድንጋይ ወለሉ በዛጎል ቅሪት የተሞላ አንድ ሕንፃ አለ። ከዚያ ጋር ላመሳክር ተንበርክኬ ስመለከት ጥበቃው «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። «ቀንድ አውጣ» ስለው ቦርሳዬን ፈተሸ። ምንም አልረዳኝም፤ ጥበቃውም፣ ወለሉም።

አለቃዬ ወይዘሮ ገንዘቤ ወንድሜ መሆንህን ስነግራቸው «እንግዲያው ሌላ ሰው ደግሞ ይየው» አሉ። ኢክሪማ አየችው፤ ቃላችን አንድ ሆነ። «ዓይነቱን መለየት አይቻልም» ብለን ፈርመናል። ወረዳው ሰኞ በዚህ ወረቀት ከወሰነ፣ ማክሰኞ አለቱ በድማሚት ተንዶ ለመንገዱ ጠጠር ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ቤታችሁም አብሮ ይነሳል። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

አሁን የምልህን ሳትከራከር አድርግ። ሞረዱንና መዶሻውን ለጎረቤት አውስ። አለቱ ውስጥ እንደተቀበረ ያለ ዛጎል ፈልግ፤ እንዳትፈለፍለው፣ እንዳታጥበው። ማስመሪያ ከጎኑ አድርገህ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሳና በስልክ ላክልኝ። እስከ ዓርብ ከደረሰን ወይዘሮ ገንዘቤ ወረቀቱን እንደገና ሊያዩት ቃል ገብተዋል። ከሌለ ግን የለም ብዬ እጽፋለሁ፤ ለወንድሜ ብዬ ድንጋይ አላስዋሽም።

እንቁን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፤ ስም ያልወጣለትን ሕፃን ግንባሩን ሳምልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። «ወንድሙን በቀንድ አውጣ ሸጠው» ማለቷ አይቀርም። ዛጎሉን ሦስት ጊዜ እንዳየሁት ንገራት፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ላየው ነው።

ወንድምህ ሰናይ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.