ቀይ ክር ያለው ድስት

ሲና፣
ቀጨኔ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። እሑድ እመለሳለሁ።

ቀይ ክር ያሰርኩበት ድስት የጾም ነው ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ። ትናንት ድስቱ ቅቤ ቅቤ ሲሸተኝ ነው በእናትሽ ፊት የጮህኩብሽ። "አልነካሁትም" ብለሽኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዕቃውን አንድ በአንድ አየሁት። እውነትሽን ነው። ቅቤው ያለው እኔው ያንቺንም የኔንም ዕቃ በማጥብበት ስፖንጅ ላይ ነው።

ሁለት አዲስ ገዝቻለሁ፤ አረንጓዴው ለጾም፣ ቢጫው ላንቺ።

ቢላዋውን ግን አሁንም ሳታጥቢ ትተሽዋል። የእንቁላሉም ቅርፊት ምድጃው ሥር ነው።

እናትሽ ለጾሜ ብለው ያመጡልኝን ሽሮ አፍሬ ልከፍተው አልቻልኩም። ስልክ ቁጥራቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፊልኝ። አጥርተሽ ጻፊው፤ ያንቺ ሰባትና አንድ አይለይም።

ኢየሩ