ለሙሉቀን የተጣጠፈው ጋቢ

ጥር 13፣ ማክሰኞ፣ ደባርቅ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን ከጎንደር ይዤ ተመለስኩ። ቪዛውም ወጥቷል። እሑድ ወደ ጋና እበራለሁ። ዳባት ላይ ከአጠገቤ የተሳፈሩ አንዲት እናት አየት አድርገውኝ «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ። በምን አወቁ እያልኩ መጣሁ።

እናቴ ወንድሜን ሙሉቀንን ልጠይቀው የምሄድ ይመስላታል። እሱ አክራ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት ሆነው። አጎቴ መርዶው ይቆይ ብለዋል፤ እኔ ልብሱን ይዤ ስመለስ ቢያንስ እሱን አቅፋ ታልቅስ ብለው። እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ!

ቤት ስገባ ሻንጣዬ ተከፍቷል። በሶውን በፌስታል ቋጥራ፣ በላዩ አዲሱን ጋቢ አጣጥፋ አስቀምጣለች።

«እማዬ፣ አገሩ እኮ ቆላ ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው።»

«ቢሆንስ! ሌሊት ይበርደዋል። ከልጅነቱም ብርድ አይችል።»

ይህን እያለች ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ቀረ። እኔም ያን ጊዜ አየሁት። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ለብሼዋለሁ፤ ልክ እንደ ሐዘንተኛ። ጠዋት ስወጣ ሳላስበው ይሆናል። የዳባቷ እናት ያዩት ይህንን ነው።

እማዬ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስታ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችና አለበሰችኝ። ከዚያ ጋቢውን ከሻንጣው አወጣች።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ጋቢ አያሻውም። በሶውን አንቺ ብዪው።»